ሦስተኛው ጋን

የሶፊን ሰርግ ያበላሸችው የገዛ እናቷ ናት፤ ጋን ላሰች።

ሌላ ምክንያት የለም። ሽማግሌ ተልኮ፣ እሺ ተብሎ፣ ቀን ተቆርጦ፣ አዳራሽ ሳይቀር ተይዞ ነበር። የቀረው ሁለቱ ቤተሰቦች አንድ ቀን ምሳ አብረው መብላት ብቻ ነው። እሱም ተበላ። እጅ ከታጠበ በኋላ የሙሽራው እናት እትዬ ስንዱ ለሰርጉ ጠላ ያስገዟቸውን ጋኖች ሊያሳዩ ሶፊንና እናቷን በለጥሻቸውን ወደ ጓሮ ይዘዋቸው ወጡ። ተክለ ሃይማኖት ጀርባ እንዲህ ያለ ሰፊ ግቢ ያለው ሰው ጥቂት ነው። አራት ጋኖች ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል፤ ቁመታቸው ከሰው ወገብ ያልፋል።

"አንድ ባንድ ያስመረጥኳቸው ናቸው። እስቲ እርስዎም ይዩልኝ" አሉ እትዬ ስንዱ።

በለጥሻቸው አየች። በማየት ብቻ ብታበቃ ጥሩ ነበር። ጎንበስ ብላ የመሃል ጣቷን አጠፈችና በአንጓዋ የመጀመሪያውን ጋን አንገቱን፣ ሆዱን፣ ከዚያም ሥሩን መታ መታ አደረገች። ሁለተኛውንም እንዲሁ። ይሄ ምንም አይደል፤ ሸክላ የሚገዛ ሰው ሁሉ ያንኳኳል። ሦስተኛው ላይ ስትደርስ ግን ቆመች። ጆሮዋን አስጠግታ ደግማ መታችው። ከዚያ አውራ ጣቷን ምራቅ አስነክታ የጋኑን ከንፈር በውስጥ በኩል አሸችና ጣቷን መልሳ አፏ ውስጥ ከተተች። ወጥ እንደሚቀምስ ሰው ዓይኗን ጨፍና አጣጣመችው።

"አፈሩ ደህና ነው፤ አሸዋው ነው ያነሰው" አለች፣ ለማንም ሳይሆን።

ሸክላ አንኳኩቶ የሚገዛ ብዙ ነው፤ ሸክላ የሚቀምስ ግን ሸክላ እየሠራ ያደገ ብቻ ነው። እትዬ ስንዱ ባደጉበት አገር ደግሞ ሸክላ የሚሠራው ማን እንደሆነ ሕፃን ልጅ ያውቃል። ቤቱ ከመንደሩ ዳር ነው። የሚጠጣበት ዕቃ ለብቻው ነው። ልጁን ለማንም አይድርም፣ የማንንም ልጅ አያገባም።

እትዬ ስንዱ ጋኑን ትተው በለጥሻቸውን ከእግር እስከ ራሷ አዩዋት።

"አንቺ" አሉ። ከአፍታ በፊት "እርስዎ" ነበረች። "አገርሽ የት ነው ነበር ያልሽኝ?"

"ወልቂጤ" አለች በለጥሻቸው። ጣቷን ከአፏ ያወጣችው ይሄኔ ነው።

ከዚያ ምንም እንዳልተፈጠረ ተሳስቀው ወደ ቤት ገቡ፣ ተመራርቀው ተለያዩ። ሶፊ ግን ቦርሳዋን ረስታ ስትመለስ እትዬ ስንዱን ደጃፍ ላይ አገኘቻቸው። እናቷ ውኃ የጠጣችበትን ብርጭቆ በሁለት ጣት አንጠልጥለው ቆሻሻ ማጠራቀሚያው ውስጥ ሲጥሉት ደረሰች። ባለቤታቸው ጋሼ ሀብተ ወልድ መርካቶ ውስጥ ብርጭቆ በኮንቴይነር የሚያስመጡ ሰው ናቸው። አንድ ብርጭቆ ምናቸውም አይደለም። ሶፊን የገረማትም እሱ ነው፤ ምናቸውም ያልሆነውን ነገር እንዲያ ተጠንቅቀው ነበር የያዙት።

እስከዚያ ቀን ድረስ የነበረው ችግር የመልኳ ነበር። ሶፊ ጥቁር ናት። ይሄይስ መጀመሪያ ቤቱ ይዟት የሄደ ዕለት አክስቶቹ "ልጅቷ ጠቆረች" አሉ። ሲቪል መሐንዲስ መሆኗ ሲነገራቸው "ጠይም ናት" አሉ። የኮንክሪት ጥንካሬ የሚመረመርበት ቤት ኃላፊ መሆኗ ሲሰማ ደግሞ አንዷ "እንዲያውም የቀይ ዳማ ናት፣ ፀሐይ ነው ያጠቆራት" አለች። ሶፊ ይሄን ለጓደኞቿ እያወራች ስታስቅ ኖራለች። ሁለተኛ ዲግሪዋን ስትይዝ ፈረንጅ እንደምትሆን ትቀልድ ነበር። ማንም የማያጠይመው ሌላ ነገር ከሥር እንዳለ አታውቅም ነበር።

በማግሥቱ እናቷን ሱቅ ሄዳ አገኘቻት። የበለጥሻቸው ሱቅ የፕላስቲክ ዕቃ ነው፤ ባልዲ፣ ሳፋ፣ ጆግ፣ ጀሪካን እስከ ጣሪያው ተደርድሯል። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ከፕላስቲክ ሌላ ሽጣ አታውቅም። ሶፊ በሁለት የባልዲ ቁልል መሃል ተጠግታ ቆመችና ጠየቀች።

"ፉጋ ነን" አለች በለጥሻቸው፣ ዋጋ እንደምትናገር ያህል በግልጽ። "ቃሉ ይሄ ነው። ሌላ ሰው ሳይልሽ እኔ ልበልሽ ብዬ ነው።"

"አባዬ ያውቅ ነበር?"

"ካሳ? ከማግባቱ በፊት ነግሬዋለሁ። 'እኔ ሾፌር ነኝ፣ እናት አገሬ መንገድ ነው' አለኝ። ነፍሱን ይማረውና ደግሞ አላነሳውም።"

"ለእኔስ ለምን አልነገርሽኝም?"

"ብነግርሽ ትደብቂ ነበር። ካላወቅሽ የምትደብቂው የለሽም። አንገትሽን ቀና አድርገሽ አደግሽ አይደል?"

ሶፊ ተናደደች፤ ንዴቷን ግን የምትጥልበት ቦታ አጣች። አንዲት ሴት መጥታ ክዳን ያለው ባልዲ ጠየቀች። በለጥሻቸው እየሳቀች ሸጠችላት።

ይሄይስ ሐሙስ ዕለት አብነት አንድ ካፌ ቀጠራት። ማኪያቶውን ሳይነካ ስኳሩን ብቻ ያማስላል። ሶፊ ይሄን ሰው ትወደዋለች። አምስት ኪሎ ሲማሩ አሳንሰሩ በተበላሸ ጊዜ የመመረቂያ ጥናቷን የኮንክሪት ናሙናዎች አንድ ባንድ ተሸክሞ ሦስተኛ ፎቅ ያደረሰላት እሱ ነው። ወገቡን ለሳምንት አሞት፣ ለማንም አልተናገረም።

"እኔ እኮ ምንም አይመስለኝም፤ ታውቂያለሽ" አላት።

"እና?"

"እማዬ ናት። አባዬ እንኳ ዝም ብሏል። እሷም ሰርጉ ይቅር አላለችም። አንድ ነገር ብቻ ነው የምትለው።"

"በላ።"

"የሰርጉ ቀን እናትሽ ታመመች እንበል። በእናት ቦታ ከአክስቶቼ አንዷ ትቀመጥልሻለች። ከዚያ በኋላ ደግሞ…"

"ከዚያ በኋላ?"

"ቀስ በቀስ ነዋ፣ ሶፊ። ልጅ ሲወለድ ሰው ይለሰልሳል።"

"ልጁ ሲወለድስ እናቴ የት ነው የምታየው? ሱቋ እየመጣ ባልዲ ይገዛታል?"

"አትቀልጂ።"

"አልቀለድኩም" አለችና ቦርሳዋን አነሳች። "አስባለሁ።"

ከካፌው ወጥታ ታክሲ ሰልፍ ላይ ስትቆም ነው የተናገረችው ለራሷ የተሰማት። አስባለሁ። የሚታሰብበት ነገር ሆኖ አገኘችው ማለት ነው። ሦስት ቀን ሙሉም አሰበችበት። አንድ ቀን ብቻ ነው፤ ፎቶ ብቻ ነው፤ እናቷ ራሷ ስትደብቅ የኖረችውን አንድ ቀን ጨምራ ብትደብቅ ምን ይላታል? እንዲህ እያለች ነው ያሰበችው። ይሄን መሸፈን አይቻልም።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ለእናቷ ነገረቻት። በለጥሻቸው ልብስ ማጣጠፏን አላቆመችም።

"እሺ በያቸው" አለች።

"እማ!"

"እሺ በያቸው አልኩሽ። እታመማለሁ። ምን ይሻላል፣ ስኳር ወይስ ደም ግፊት?"

"እማ፣ በፈጠረሽ!"

"ስኳር በይ። ስኳር ይታመናል።" የልብሱን ጠርዝ አስተካከለች። "ግን አንድ ነገር ንገሪያቸው፤ ሦስተኛው ጋን ያፈሳል። ሥሩ ተሰንጥቋል። ጠላ ሞልተውት ቢያድር ጠዋት ባዶ ነው። ሰርግሽ ላይ መጠጥ ጎደለ ከሚባል…"

"ምንም ስንጥቅ የለበትም፤ እኔም አይቼዋለሁ።"

"በዓይን አይታይም።"

"ታዲያ አንቺ በምን አወቅሽ?"

"ነገረኝ" አለች በለጥሻቸው።

ሶፊ በዚህ ዓለም ላይ የማትታገሠው አንድ ነገር ቢኖር ሳይለካ የሚነገር ነገር ነው። የምትሠራበት ቤት ውስጥ ያለው ማሽን ኮንክሪት ጨፍልቆ ነው ጥንካሬውን የሚናገረው፤ ውስጡን ለማወቅ መስበር አለበት። ሳይሰበር የሚመረምር መሣሪያም አለ፤ ስህተቱ ግን ብዙ ስለሆነ ብቻውን አያምኑትም። አሁን እናቷ በጣት አንጓ "ነገረኝ" ትላለች። ሰርጉንም፣ ብርጭቆውንም፣ ስኳሩንም ለጊዜው ረሳችው።

"ማክሰኞ ሸክላ ተራ እንሄዳለን" አለች። "ታሳዪኛለሽ።"

በለጥሻቸው ሠላሳ አንድ ዓመት መርካቶ ስትኖር በሸክላ ተራ በኩል አልፋ አታውቅም። ዞራ ነው የምትሄደው። ሶፊ ይሄንንም ያወቀችው ማክሰኞ ነው፤ እናቷ ከተሸካሚና ከጋሪ መሃል ደህና ስትራመድ ቆይታ የመጀመሪያዎቹን እንስራዎች ስታይ ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ሳበችው።

ሻጩ ሙናዊር ይባላል። ቀልደኛ ነው። ሶፊ እንስራ ማንኳኳት ብቻ ሳይሆን ውኃም ሞልታ ማየት እንደምትፈልግ ስትነግረው ሳቀ።

"እህቴ፣ ላብራቶሪ ልትከፍቺብኝ ነው?"

"የሚያፈሰውን ለይተን ብንነግርህ ምን ትጎዳለህ?"

"ሚስጥሬን ነዋ!" አለና ትከሻውን ነቀነቀ። "እሺ ይሁን። ደንበኛም የለም። ማዘር ይፍረዱ።"

አሥር እንስራዎች አሰለፉ። ሶፊ እናቷን ጀርባዋን አዙራ አቆመቻት፤ ማየት የለም፣ መንካት የለም፣ መቅመስ የለም። ሙናዊር በቁልፉ ቀለበት ይመታል፣ በለጥሻቸው ትሰማለች፣ ሶፊ ስልኳ ላይ ትጽፋለች።

"ደህና" አለች በለጥሻቸው። "ደህና። ይሄ ወገቡ ላይ ያፈሳል። ቀጥል። ደህና። ይሄ ደህና ነው ግን እሳቱ በአንድ ጎኑ በዝቶበታል፤ ንፋስ በነበረበት ቀን ነው የተቃጠለ። በአንድ ጎኑ ጥቁር ነው?"

ሙናዊር እንስራውን አዞረው። ግድግዳውን የተደገፈው ጎኑ እንደ ከሰል ጠቁሯል። መሳቁን ተወ።

"ደህና። ይሄ ሳይደርቅ ነው እሳት የገባ፤ ቸኩላለች፣ ያፈሳል። ደህና። ይሄኛው… እንደገና ምታው። ቀስ ብለህ። አንገቱ ላይ ተጠግኗል። ተሰንጥቆባት በጭቃ ደፍናዋለች። ምስኪን። ያፈሳል። የመጨረሻው ደህና ነው።"

ሦስት የሚያፈሱ፣ ሰባት ደህና። ሶፊ ከሱቅ ባመጣችው ጀሪካን እየተመላለሰች አሥሩንም ሞላች። ትንሽ ቆይቶ ሁሉም ወዛ ማለት ሲጀምር "አየሽ፣ ሁሉም እኮ ነው" አለች፣ ትንሽ ደስ እያላት።

"ማላብ ሌላ ነው፣ ማፍሰስ ሌላ ነው" አለች በለጥሻቸው፣ አሁንም ጀርባዋን እንደሰጠች። "ጠብቂ።"

ጠበቁ። ሙናዊር ሁለት ደንበኛ ሸኘ። የአንዋር መስጊድ አዛን ተሰምቶ አለቀ። ከሦስተኛው እንስራ ወገብ ላይ አንዲት ቀጭን መስመር ወጣችና መሬት ደረሰች። ከዚያ ሰባተኛው። ዘጠነኛው ቆየ። ሶፊ "ተሳሳትሽ" ልትላት አፏን ስትከፍት አንገቱ ላይ ያለው ጥገና ጭቃ ሆኖ ተላቀቀና ውኃው በዚያ በኩል ፈሰሰ። የቀሩት ሰባቱ አልበው ቆሙ።

አሥር ከአሥር። ሶፊ ስልኳን አየች፣ እንስራዎቹን አየች። ደግማ አየች።  በሥራ ዘመኗ እንዲህ ያለ ውጤት አይታ አታውቅም፤ የትኛውም መሣሪያ እንዲህ ያለ ውጤት ሰጥቶ አያውቅም። ይሄ ጆሮ ነው በሠላሳ አንድ ዓመት የባልዲ ንግድ መሃል ሥራ ፈትቶ የተቀመጠው። አንድ አገር ሙሉ ሴቶች ይሄን ያውቃሉ፤ አፈሩን በምላስ፣ እሳቱን በንፋስ፣ ስንጥቁን በድምፅ። እሷ አምስት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ተቀምጣ ማንም ስለእነሱ አንዲት ቃል አልነገራትም። ስማቸው ስድብ ነው። በሠሩት ዕቃ ግን ሁሉም ሰው ይጠጣል።

"እማ" አለች። 

"አሁን ልዙር?" አለች እናቷ።

ዞረች። ነጠላዋን ከአፍንጫዋ ላይ አወረደችና ወደ አሥረኛው እንስራ ሄደች። ቅድም የዚህን እንስራ ድምፅ ስትሰማ ምን እንዳሰበች ለማንም አልተናገረችም። እጇን ወደ አንገቱ ውስጥ ሰደደች፣ አንድ ነገር ፈለገች፣ አገኘችና እጇ እዚያው ቀረ። አስቀድሞ የሰማችው ድምፅ የምታውቀው እጅ ሥራ መሆኑን ጭምር እንደነገራት ሶፊ የገባት ያኔ ነው።

"ነይ፣ እጅሽን አምጪ።"

ሶፊ ዳበሰች። አንገቱ ውስጥ፣ ከዓይን በተሰወረ ቦታ፣ የአውራ ጣት ጥፍር የሠራት ጨረቃ የመሰለች ጭረት አለች።

"እናቴ ናት እንዲህ ያስተማረችን። ሥራሽን ስትጨርሺ ጥፍርሽን ተዪበት ትለን ነበር። የእኛ ቤት ብቻ ነው እንዲህ የሚያደርግ።" ወደ ሙናዊር ዞረች። "ይሄን ማነው ያመጣልህ?"

"አንዲት ማዘር አሉ። ረቡዕ ረቡዕ በአይሱዙ ነው የሚመጡት፤ ዕቃቸውን አራግፈው ይመለሳሉ። ስማቸውን አላውቅም፤ እናትዬ ነው የምላቸው። አጠር ያሉ ናቸው፣ የፊት ጥርስ የላቸውም…"

"የትኛው?"

"የትኛው ምን?"

"ጥርሱ! የላይ ነው የታች?"

"የላይ። በግራ በኩል።"

በለጥሻቸው አፏን በእጇ ይዛ ሳቀች። ሳቋ ወደ ሌላ ነገር ሊዞር ሲል መለሰችው።

"እኔ ነኝ የሰበርኩት" አለች። "ውኃ ስንቀዳ ተጣልተን። እህቴ ናት።"

ሶፊ አውራ ጣቷን ጭረቷ ላይ አድርጋ ሞከረች። አልገጠመም፤ የእሷ ጣት ቀጭን ነው። የእናቷ ግን ልክክ አለ።

ረቡዕ ጠዋት በለጥሻቸው ሱቋን ሳትከፍት ሸክላ ተራ ወረደች። ሶፊ ደግሞ ወደ ተክለ ሃይማኖት ሄደች። "አልቆይም፣ እመጣለሁ" ብላታለች እናቷን።

እትዬ ስንዱ በረንዳ ላይ ተቀምጠው ነበር፤ ይሄይስም ለሥራ ሊወጣ ቁልፉን ይዞ ቆሟል። ሶፊ ሰላም ብላ አልተቀመጠችም። ዓይኗ ወደ ጓሮ ሄደ። አራቱ ጋኖች ውኃ ተሞልተው እየሟሹ ነው። ሦስቱ አልበው ደረቅ መሬት ላይ ቆመዋል። ሦስተኛው ሥር ሰማያዊ ሳፋ ተደርጓል፤ ሳፋው ግማሽ ደርሷል። ጠብ፣ ጠብ ይላል።

ሳፋውን አወቀችው። እናቷ ሽማግሌ የተላከ ሰሞን በስጦታ የላከችው ነው።

"ሦስተኛው ጋን ያፈሳል፣ ንገሪያቸው ብላኝ ነበር" አለች ሶፊ። "ዘገየሁ መሰለኝ።"

እትዬ ስንዱ ወደ ጋኑ አላዩም። "ተቀመጪ ልጄ። የኛ ነገር ንቀት እንዳይመስልሽ። ደንብ ነው፤ እኛ አላመጣነው። እናትሽ ራሷ ትረዳዋለች።"

"ተረድታለች። ስኳር ልትታመምላችሁ ተስማምታለች።"

"እግዜር ይስጣት" አሉ እትዬ ስንዱ፣ ከልባቸው።

"እኔ ግን አልተስማማሁም። እናቴ ጤነኛ ናት፣ እትዬ ስንዱ። የሰርጌ ቀንም ጤነኛ ነች። የእናት ቦታ የሚቀመጡትም እሷና እህቷ ናቸው። እህቷ ይሄን ጋን የሠራች ብትሆን አይግረምዎት፤ አይመስለኝም ግን፣ የእሷ አያፈስም።"

"እንዲያ ከሆነ ሰርግ የለም!"

"ይቅራ።"

ይሄን ስትል ድምፅዋ እንዳሰበችው ጸንቶ አልወጣም፤ ወጣ ግን። ወደ በሩ ስትሄድ ጋኖቹ ጋ ቆመች። ጣቷን አጥፋ ሦስተኛውን መታችው። ከዚያ አራተኛውን መታች። ለጆሮዋ ሁለቱም አንድ ናቸው፤ ምንም አልነገሯትም። ደንቆሮ መሆኗን ስታውቅ ተገረመች፣ ቀጥሎም ቸኮለች። አይሱዙው እስካሁን ደርሶ ይሆናል።

ይሄይስ ተከትሏት መጣ። መልኩ ገርጥቷል። ክንዷን ሊይዝ እጁን ዘረጋና መሃል ላይ ተወው።

"ሶፊ፣ ቆይ። ሶፊ፣ በናትሽ!"

ዞረች።

"በማን?" አለችው።

ይሄይስ አፉን ከፈተ። እትዬ ስንዱ ከበረንዳው ሆነው ያያሉ። ጋኑ ጠብ ይላል። ሶፊ መልሱን ጠበቀች፤ ትናንት እንስራዎቹን ውኃ ሞልታ እንደጠበቀችው ጠበቀች፣ የሚወጣ ነገር ካለ ለማየት። እሱ ግን ወደ ኋላ፣ ወደ እናቱ ዞር ብሎ አየ።

ሶፊ ወጣች። የግቢው በር ብረት ነው፣ ከባድም ነው፤ በሁለት እጇ ስባ ዘጋችው።